«ይሄ ከእግዚአብሔር ነው ወይስ ከራሴ?» የመጣላችሁን ሐሳብ ደረጃ በደረጃ መመርመሪያ

ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። መልኩ ይለያያል እንጂ ነገሩ አንድ ነው። «ጸሎት ላይ ሳለሁ እንዲህ የሚል ነገር መጣልኝ፤ ልቀበለው?» «ሕልም አይቼ ነበር፤ ምን ይሆን?» «አንድ ወንድም ትንቢት ነገረኝ፤ ግን ልቤ አልተቀበለውም።» አብዛኛው የሚጻፍልኝ ማታ ነው። መጨረሻው ላይም «ነገ ጠዋት መልስ መስጠት አለብኝ» የምትል ዓረፍተ ነገር አትጠፋም።

ለሁሉም የምመልሰው ያንኑ ሆኖ ስላገኘሁት አንዴ ቁጭ ብዬ ጻፍኩት።

መጀመሪያ መቼ እንደማያስፈልግ ልንገራችሁ። የተበደሩትን መመለስ፣ የበደሉትን ይቅርታ መጠየቅ፣ አለመዋሸት፣ የታመመ መጠየቅ፤ እነዚህ ምርመራ አይሹም። «የወሰድኩትን ገንዘብ ልመልስ ወይስ አልመልስ ብዬ እየጸለይኩ ነው» የሚል ሰው ቀን እየገፋ ነው። ይህ መመሪያ የሚሠራው ሁለቱም መንገድ ሲፈቀድ ነው። ይህን ሥራ ልያዝ ወይስ ያኛውን? ልሂድ ወይስ ልቆይ? ይህ ወደ ልቤ የመጣው ሐሳብ ምን ያህል ክብደት ልስጠው?

ደግሞ ከአንድ ቀን ሥራ ብዙ አትጠብቁ። ዕብራውያን 5፥14 ጠንካራ ምግብ «ለፎለቁ ሰዎች» ነው ይላል። ፎለቁ ማለት ጎለመሱ፣ በሰሉ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች መልካሙንና ክፉውን የሚለዩት ልቡናቸው በሥራ ስለለመደ ነው ይላል ያው ጥቅስ። በሥራ የሚለመድ ነገር ደግሞ ሲጀመር ይሳሳታል። ከታች ያሉት ደረጃዎች ስሕተታችሁ ትንሽ እንዲሆንና እንድትማሩበት ነው የተቀመጡት።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- መጽሐፍ ቅዱስ። ቢቻል ሁለት ትርጉም፣ ለምሳሌ የ1954ቱ እና አዲሱ መደበኛ ትርጉም። አንዱ ላይ ያልገባችሁ ቃል ሌላው ላይ ይፈታል። የወረቀቱ ይሻላል፤ ስልክ ላይ አንድ ጥቅስ ብቻ ይታያችሁና ከላይና ከታች ያለው ይጠፋባችኋል።
- ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን ደብተር።
- እስክሪብቶ። እርሳስ አይሁን። ነገሩ ሳይሆን ሲቀር እርሳሱን አጥፍታችሁ «እኔማ እንዲህ አላልኩም» ትላላችሁ። ስልክ ላይ መጻፍም ያው ነው።
- ሁለት ሰዎች። አንዱ እናንተን በደንብ የሚያውቅ፣ ሌላው ቃሉን በደንብ የሚያውቅ። የንስሐ አባት፣ መጋቢ፣ የጸሎት ጓደኛ ሊሆኑ ይችላሉ። ቢያንስ አንዳቸው እናንተን «አይሆንም» ለማለት የማይፈራ መሆን አለበት።
- ጊዜ። ለትንሽ ነገር አንድ ሌሊት፣ ለትልቅ ነገር ቢያንስ 10 ቀን። ለምን 10 እንዳልኩ ደረጃ 3 ላይ ታገኙታላችሁ።

ደረጃ 1፦ ከሐሳቡ በፊት የራሳችሁን ሁኔታ ጻፉ

ገጹ አናት ላይ አራት ነገር አስፍሩ። ቀንና ሰዓት። ምን ያህል ተኛችሁ። በላችሁ ወይ። ዛሬ ከማን ጋር ተጋጫችሁ።

ቀልድ ይመስላል፤ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት «ይህን ሥራ ልቀቅ» የሚል ነገር በጣም ጠንክሮ መጣብኝ። ድምፅ የሰማሁ ያህል ነበር። ደብዳቤውን በዚያው ሌሊት ልጽፍ ተነሥቼ፣ ልማዴ ስለሆነ ብቻ ደብተሩን ቀድሜ ከፈትኩና እንዲህ ጻፍኩ፦ «ከሌሊቱ 7 ሰዓት። እንቅልፍ የለም። ራት አልበላሁም። ከሰዓት በኋላ ከአለቃዬ ጋር ተጨቃጭቀናል።» ጠዋት ሳነበው ሳቄ መጣ። ሥራውን በኋላ ለቅቄዋለሁ፤ ግን ከስምንት ወር በኋላ፣ ሳልጣላ።

1ኛ ነገሥት 19ን ክፈቱ። ኤልያስ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ሞትን ይለምናል። መልአኩ መጥቶ ስብከት አልጀመረለትም። ቀሰቀሰውና ብላ አለው። እንጎቻና ውኃ ነበረ። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ እንደገና አበላው። «ትንሽ የዝምታ ድምፅ» የተባለው የእግዚአብሔር ድምፅ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ 40 ቀንና ሌሊት ተጉዞ ኮሬብ ሲደርስ ነው። «ልሙት» ያለበትን ሐሳብ ግን የእግዚአብሔር መልእክት ነው ብሎ የያዘለት ማንም የለም። የደከመ ሰው ልመና ነበር።

ስለዚህ ከአራቱ ሁለቱ መጥፎ ከሆኑ የመጣውን ጻፉና ተኙ። ምርመራው ነገ ይቀጥላል።

ደረጃ 2፦ የመጣውን ከደመራችሁት ለዩ

ሁሉንም ደረጃ መከተል ካልቻላችሁ ይቺን ብቻ አትዝለሉ። ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ እዚህ ላይ ይፈታሉ።

ገጹን መሐል ለመሐል በመስመር ክፈሉት። በግራ «የመጣው»፣ በቀኝ «እኔ የደመርኩት» ብላችሁ ጻፉ። በግራ በኩል የሚገባው በትክክል ያያችሁት፣ የሰማችሁት ወይም ወደ ልባችሁ የገባው ብቻ ነው። ትርጉም፣ ምክንያት፣ ቀጥሎ የሚደረግ ነገር፤ ሁሉም ወደ ቀኝ።

አንድ ገጽ ላሳያችሁ።

የመጣው፦ «ስጸልይ የእህቴ ስም ሦስት ጊዜ መጣብኝ።»

እኔ የደመርኩት፦ «ችግር ላይ ናት። ገንዘብ ልላክላት። የአምናው ጠብ የእሷ ጥፋት እንደነበረ አሁን ገብቷታል። ይቅርታ ልትጠይቀኝ ነው።»

በግራ ያለው አንድ ስም ነው። በቀኝ ያለው ሙሉ ድራማ። ስሙን ተከትሎ የሚደረገው ነገር ቀላል ነው፤ ስልክ ደውሎ «እንዴት ነሽ?» ማለት። በቀኝ ያለውን ይዞ የሚደውል ሰው ግን ሁለተኛ ጠብ ይጀምራል።

ለምን ይጠቅማል? ሰው በትክክል ሰምቶ በስሕተት ሊደመድም ስለሚችል ነው። 1ኛ ሳሙኤል 3 ላይ ልጁ ሳሙኤል የተጠራውን በደንብ ሰማ። ስሙ ነበር፣ ድምፁም እውነተኛ ነበር። ግን ዔሊ የጠራው መሰለውና ሦስት ጊዜ ሮጦ ሄደ። ጆሮው አልተሳሳተም፤ ድምዳሜው ነው የተሳሳተው። ነገሩ የገባው ደግሞ ዓይኖቹ መፍዘዝ የጀመሩት ሽማግሌው ዔሊ ነው።

ጴጥሮስም እንዲሁ። ሐዋርያት ሥራ 10 ላይ ያየው ራእይ ስለ መብል ነበር፣ ሦስት ጊዜ። ራእዩ ሲያልቅ «ገባኝ» አላለም፤ ምን ይሆን እያለ ሲያመነታ ነው ከአሕዛብ ወገን የሆነው የመቶ አለቃው የቆርኔሌዎስ መልእክተኞች ደጅ የደረሱት። ትርጉሙን የተናገረው ቆርኔሌዎስ ቤት ከገባ በኋላ ነው፤ ነገሩ ስለ ሰው እንጂ ስለ ምግብ አልነበረም። ያን ቀን እሱ ሰገነት ላይ ደብተር ቢይዝ ኖሮ በግራ በኩል ብዙ፣ በቀኝ በኩል ባዶ ይሆን ነበር። ቀኙ ባዶ ቢሆን አትፍሩ። ባዶ ሆኖ መቆየት ይችላል።

ደረጃ 3፦ ፍላጎታችሁን ከሥሩ ጻፉ

ሁለት ጥያቄ መልሱ። «ይህ ነገር እንዲሆን ከ10 ስንት ያህል እፈልጋለሁ?» እና «መልሱ ተቃራኒው ቢሆን ምን አጣለሁ?»

መፈለግ ኃጢአት አይደለም። የተደበቀ ፍላጎት ግን መልሱን ቀድሞ ይጽፈዋል። ኤርምያስ 42 ላይ ከባቢሎን ምርኮ የተረፈው ሕዝብ ወደ ነቢዩ መጥቶ «ጸልይልን፤ መልካምም ቢሆን ክፉም ቢሆን እንሰማለን» አለ። ቃሉ የመጣው ከ10 ቀን በኋላ ነው፤ 10 ቀን ያልኳችሁ ከዚህ ወስጄ ነው፣ ሕግ ግን አይደለም። መልሱ «ወደ ግብፅ አትሂዱ» ሆነ። ኤርምያስን ሐሰተኛ ብለውት ሄዱ። ሲጠይቁም ልባቸው መንገድ ላይ ነበር።

9 ወይም 10 ከጻፋችሁ ሁለት ነገር አድርጉ። የጥበቃውን ቀን አርዝሙ። ደረጃ 6 ላይም ቁጥሩን ለምትነግሩት ሰው አሳዩት። 1 ወይም 2 ከሆነም ያው ነው፤ ፍርሃትም ፍላጎት ነው፣ ፊቱን አዙሮ ነው እንጂ።

ደረጃ 4፦ በቃሉ መዝኑ

እንዲህ አድርጉት።

ሀ) በግራ በኩል የጻፋችሁት ግልጽ ትእዛዝ ያፈርሳል? ለባለቤታችሁ እንድትዋሹ፣ የተሰጠን ቃል እንድታጥፉ፣ ሰውን እንድትጠሉ የሚያደርግ ከሆነ እዚህ ላይ አቁሙ። ቀሪዎቹ ደረጃዎች አያስፈልጉም። ምልክት ቢኖረው እንኳ። ዘዳግም 13 የተናገረው ምልክት የተፈጸመለት ነቢይ ሳይቀር ሕዝቡን ወደ ሌሎች አማልክት ከጠራ አትስሙት ይላል። «ያለው ደረሰ» ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ለ) ጥቅስ መጥቶላችሁ ከሆነ ምዕራፉን በሙሉ አንብቡ። ማን ለማን ተናገረው? ከፊቱ ምን አለ? ከኋላውስ? ከዚያ ምዕራፉ የሚለውን በአንድ ዓረፍተ ነገር በራሳችሁ ቃል ጻፉ። መጻፍ ካልቻላችሁ ገና አልገባችሁም ማለት ነው፤ እንደገና አንብቡ።

ለምን ምዕራፉን? ማቴዎስ 4 ላይ ፈታኙ ዲያብሎስም ጥቅስ ጠቅሷል። ከመዝሙር 91 ነው። ግን «በመንገድህ ሁሉ» የምትለዋን ዘለላት፤ ዘንዶውን ትረግጣለህ የሚለው ጋ ሳይደርስም አቆመ። ጌታ የመለሰለት ከዘዳግም በሌላ ጥቅስ ነው። ጥቅስን ጥቅስ ይዳኘዋል፤ ለዚህም አንድ ብቻ ይዛችሁ አትምጡ።

ሐ) ምንም ጥቅስ ካላገኛችሁ አታስገድዱት። የትኛውን ሥራ እንደምትይዙ የሚል ቁጥር የለም። «ከግልጽ ትእዛዝ ጋር አይጋጭም» ብላችሁ ጽፋችሁ እለፉ።

ማስጠንቀቂያ፦ መጽሐፉን ዓይን ጨፍኖ ከፍቶ ጣት የጫነበትን መልስ ብሎ መውሰድ ምርመራ አይደለም። ያልወደዳችሁት ከወጣ እንደገና ትከፍታላችሁ፤ ታውቁታላችሁ።

ደረጃ 5፦ ጠባዩን እዩ

ያዕቆብ 3፥17 ከላይ የሆነችውን ጥበብ ሲዘረዝር ንጽሕት፣ ታራቂ፣ ገር ካለ በኋላ «እሺ ባይ» ይላታል። በዚህ ቃል ላይ ቆም በሉ። ከእግዚአብሔር የሆነ ነገር ጥያቄ አይፈራም። ሲመረመር አይቆጣም። «አሁኑኑ! ለማንም አትንገር! ከጠየቅህ እምነት የለህም!» የሚል ግፊት ያለበት ነገር ግን ሲመጣ ጀምሮ መመርመርን እየሸሸ ነው።

የወቀሳም ጠባይ ይለያያል። መንፈስ ሲወቅስ ነገሩን በስሙ ይጠራዋል። «ትናንት ለእሷ የተናገርከው ቃል ልክ አልነበረም» ይላል፣ መውጫም አለው፤ ሄደህ ይቅርታ ጠይቅ። ክስ ግን ጭጋግ ነው። «አንተ መቼም አትረባም» ይላል። ምን አድርጌ ስትሉት መልስ የለውም። ምን ላድርግ ስትሉትም የለውም። የመጣባችሁን ወቀሳ ጻፉና አንድ የሚደረግ ነገር አውጡበት። የሚደረግ ነገር ካልወጣለት አትሸከሙት።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚወድቅባት አንዲት ነገር አለች፤ «ሰላም ተሰማኝ» የምትለው። ሰላም መልካም ነው፣ ብቻውን ግን ሚዛን አይሆንም። ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት እየኮበለለ፣ ማዕበሉ መርከቧን ሊሰብራት ደርሶ፣ እሱ ታችኛው ክፍል ከባድ እንቅልፍ ላይ ነበር። በጌቴሴማኒ ደግሞ ጌታ በአባቱ ፈቃድ መካከል ሆኖ እስከ ሞት ድረስ አዝኖ ነበር። ሰላም ከተሰማችሁ ጻፉት። ከሌሎቹ ጋር ይቆጠራል እንጂ ሌሎቹን አይሽርም።

ደረጃ 6፦ ለሁለት ሰው ንገሩ፣ አነጋገሩን ግን ጠብቁ

«እግዚአብሔር ተናገረኝ» ብላችሁ አትጀምሩ። ይህ ዓረፍተ ነገር የሰሚውን አፍ ይዘጋዋል። ከእግዚአብሔር ጋር ማን ይከራከራል? እንዲህ በሉ፦ «እንዲህ ያለ ነገር መጥቶልኛል። ይህን መስሎኛል። አንተ ምን ይታይሃል?» የግራውን ዓምድ ብቻ አንብባችሁ ዝም ብትሉ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። እሱ የሚደምረውና እናንተ የደመራችሁት ይመሳሰል እንደሆነ ታያላችሁ።

ከነገሩ ጥቅም የሚያገኝን ሰው አትቁጠሩ። ልታገቡ ያሰባችሁት ሰው «አዎ፣ ከእግዚአብሔር ነው» ቢላችሁ ምስክር አልሆነም።

ሐዋርያት ሥራ 16 ላይ ራእዩን ያየው ጳውሎስ ነው። መቄዶንያዊው ሰው ቆሞ ሲለምን ያየ ሌላ ሰው የለም። ቀጣዩ ቁጥር ላይ ግን ወደ መቄዶንያ የተጠሩ መሆናቸውን የተረዱት «እኛ» ናቸው። ያየው አንድ፣ የደመደሙት ብዙ። ጳውሎስ ይህን ካደረገ እኛ ምን ያህል!

የምትጠይቁት ሰው ግን የሚሳሳት ሰው መሆኑን አትርሱ። ዳዊት ቤተ መቅደስ ልሥራ ብሎ ለነቢዩ ለናታን ሲነግረው ናታን «በልብህ ያለውን አድርግ» አለው። ሐሳቡ መልካም ነበር፣ የተናገረውም ነቢይ ነበር። በዚያው ሌሊት የእግዚአብሔር ቃል መጥቶ ናታንን አረመው፤ ናታንም ተመልሶ ሄዶ ነገረው። (2ኛ ሳሙኤል 7) ስለዚህ ምክር በሰማችሁበት ቀን አትወስኑ። ለመካሪያችሁም አንድ ሌሊት ስጡት።

ደረጃ 7፦ ጠብቁ

ቀኑን ካላንደር ላይ ምልክት አድርጉ። «እስኪገባኝ» የሚባል ቀን የለም፤ ቁጥር ይኑረው።

ኢያሱ 9ን አንብቡ። ገባዖናውያን የሻገተ እንጀራ፣ ያረጀ አቁማዳ፣ የተጣፈ ጫማ ይዘው «ከሩቅ አገር መጣን» አሉ። እስራኤል ከስንቁ ወሰዱ፣ እግዚአብሔርን ግን አልጠየቁም። ሳይጠብቁ ቃል ኪዳን አደረጉ። እውነቱ የወጣው ከ3 ቀን በኋላ ነው፤ ጎረቤቶቻቸው ነበሩ። ማስረጃው እጃቸው ላይ ነበር፣ የጎደለው 3 ቀን ነው።

እየጠበቃችሁ ሥራችሁን ሥሩ። በየሰዓቱ ምልክት አትፈልጉ። በቀን አንዴ ነገሩን በጸሎት አንሡ፣ አዲስ ነገር ከመጣ ጻፉ፣ ካልመጣ ቀኑን ብቻ ጻፉ።

«ነገ መልስ መስጠት አለብኝ» ለምትሉኝ፦ ቀን ጨምሩልኝ ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ነው የሚጨነቀው። አይቻልም ከተባለ ከስሜታችሁ ይልቅ በእርግጥ የምታውቁትን ይዛችሁ ወስኑ፤ ከሁለቱ መንገድ መመለሻ ያለውንም ምረጡ።

ደረጃ 8፦ የምትመለስ ትንሽ እርምጃ ውሰዱ

ከተማ ልትቀይሩ ከሆነ ቤቱን ከመሸጥ በፊት ሁለት ሳምንት ሄዳችሁ ኑሩበት። አገልግሎት ልትጀምሩ ከሆነ ለአንድ ወር ረዳት ሁኑ። እውነት የሆነ ነገር ትንሽ ሲሞከር አይጠፋም። ያልሆነው ደግሞ በርካሽ ይታወቃል።

«በሩ ተዘጋ፤ እግዚአብሔር አልፈቀደም» ከማለት ግን ተጠንቀቁ። የተከፈተ በርም ሁልጊዜ «ግባ» ማለት አይደለም። 1ኛ ቆሮንቶስ 16፥9 ላይ ጳውሎስ ትልቅ በር ተከፍቶልኛል ሲል ተቃዋሚዎችም ብዙ ናቸው ይላል፤ ተቃውሞ ነበረ፣ ቆየ። 2ኛ ቆሮንቶስ 2 ላይ ደግሞ በጢሮአዳ በር ተከፍቶለት ሳለ የሥራ ባልደረባውን ቲቶን ስላላገኘ ትቶ ሄደ። በር አንድ መረጃ ነው። ደብተሩ ላይ አንድ መስመር ይበቃዋል።

ደረጃ 9፦ ከ3 ወር በኋላ ተመለሱና አርሙት

ልቡና የሚለምደው እዚህ ላይ ነው፤ ሁሉም ሰው የሚዘለውም ይህችኑ ነው። የድሮውን ገጽ ክፈቱ። ከእያንዳንዱ አጠገብ «ሆነ»፣ «አልሆነም» ወይም «ገና» ብላችሁ ጻፉ። ከዚያ «ያልሆኑት መቼ የመጡ ናቸው?» ብላችሁ ጠይቁ።

እኔ ሳየው ንድፉ ወዲያው ታየኝ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ የጻፍኳቸው ትልልቅ ነገሮች አብዛኞቹ ባዶ ናቸው። «ለእከሌ ደውል» የሚሉት ትንንሾቹ ግን ደጋግመው ልክ ሆነው አገኘኋቸው። አሁን የሰው ስም ሲመጣብኝ ብዙ አልመረምርም፣ እደውላለሁ። ትልቅ ዕቅድ በሌሊት ሲመጣብኝ ደግሞ ሁለት እጥፍ እጠብቃለሁ። የእናንተ ንድፍ ከእኔ ይለያል፤ ደብተሩ ይነግራችኋል።

ብርቱ ማስጠንቀቂያ

ራሳችሁን ወይም ሌላ ሰው እንድትጎዱ የሚያዝዝ ድምፅ የምትሰሙ ከሆነ ወይም ሐኪም ያዘዘውን መድኃኒት አቁሙ የሚል ነገር ከመጣባችሁ ይህን መመሪያ አትጠቀሙ። አትጠብቁም፣ አትጽፉም። አሁኑኑ አጠገባችሁ ላለ ሰው ንገሩና ወደ ጤና ባለሙያ ሂዱ። ጸሎት ይቀጥላል፤ ሕክምናውን አይከለክልም።

ሌላ ሰው ስለ ገንዘብ ወይም ስለ ጋብቻ ትንቢት ከነገራችሁ ያው ዘጠኙን ደረጃ አሳልፉት። 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥29 ነቢያት ሲናገሩ ሌሎች ይለዩአቸው ይላል። መመርመር ንቀት አይደለም፤ 1ኛ ተሰሎንቄ 5 ላይ ትንቢትን አትናቁ ያለው ራሱ ጳውሎስ ወዲያው «ሁሉን ፈትኑ» ብሏል። «ከመረመርክ ትቀሠፋለህ» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የምትፈልጉትን መልስ አግኝታችኋል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

*ሁሉን ነገር መመርመር።* ምን ልልበስ፣ በየት ልሂድ እያሉ የሚጨነቁ አሉ። ይህ ማስተዋል አይደለም፣ ጭንቀት ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ጉዳይ ብቻ ደብተሩ ላይ ይኑር።

*መጥፎውን ገጽ መቅደድ።* የተሳሳታችሁበት ገጽ ከሁሉም ይበልጥ ያስተምራል። ስለዚህ ነው እስክሪብቶ ያልኩት።

*የሰውን መልክ አይቶ መቸኮል።* ሳሙኤል ራሱ፣ አርጅቶ፣ ስንት ዘመን ነቢይ ሆኖ፣ ንጉሥ ሊቀባ እሴይ ቤት ሄዶ ትልቁን ልጅ ኤልያብን ሲያይ «ይህ ነው» አለ። ሰባት ልጆች አልፈው ነው ዳዊት ከበግ ጥበቃ የተጠራው። ልምድ ያለውም ሰው ደረጃዎቹን አይዝለል።

*እንደ ጌዴዎን ባዘቶ መዘርጋት።* ጌዴዎን የበግ ጠጉር ባዘቶ ዘርግቶ «ጤዛው በእሱ ላይ ብቻ ይሁን» ብሎ ምልክት ጠይቆ ነበር፤ «ነገ ጠዋት እከሌ ከደወለልኝ ፈቃዱ ነው» ዓይነት። መሳፍንት 6ን ከላይ ጀምራችሁ ብታነቡ ጌዴዎን ትእዛዙን ቀድሞ እንደሰማ ታያላችሁ። ባዘቶውን የዘረጋው የሚያውቀውን ለማድረግ ስለፈራ ነው። እግዚአብሔር ታገሠው፣ ሁለት ጊዜም መለሰለት። እናንተ ግን ባዘቶ ከመዘርጋታችሁ በፊት ግራውን ዓምድ እንደገና አንብቡት። ምናልባት መልሱ እዚያ ተጽፎ፣ የምትጠብቁት ሌላ መልስ ይሆናል።

*ደብተሩ ሲሞላ መጣል።* አዲስ ስትጀምሩ «ገና» ያላችኋቸውን መስመሮች ከነቀናቸው ወደ መጀመሪያው ገጽ ገልብጡ። የድሮውን ደግሞ አስቀምጡት፤ ከ3 ወር በኋላ እንደገና ይከፈታል።